አሥራ አንድ የሞቱ ሽቦዎች

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም «መርፌ» ነው የሚላት። እጇ አይንቀጠቀጥማ! ሌላው በማይክሮስኮፕ እያየ አንዲት የወርቅ ክር ከቺፕ ጋር ለማያያዝ ግማሽ ቀን ሲያልበው፣ እሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ትጨርሰዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ለዶክትሬት የመጡት ተማሩ፣ ተመረቁ፣ ሄዱ፤ እሷ እዚያው በርጩማዋ ላይ ናት።

የምትሠራው ነገር ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ያን ያህል አይከብድም። ምስር የምታህል ቺፕ ላይ እንደ ጥርስ ብሩሽ የቆሙ፣ ከፀጉር ወደ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ። ቀጭኑ ሰማያዊውን ብርሃን ይይዛል፣ ወፈር ያለው ቀዩን፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ ዓይናችን ጨርሶ የማያየውን። በዚህ ዘዴ ድሮ ጠረጴዛ ሙሉ ይይዝ የነበረው ካሜራ መዳፍ ውስጥ ገባ። ከቆዳ ሥር ዝቅ ብሎ ያለውን ሳይቀር ያሳያል።

ታዲያ ከነዚያ ሁሉ ሽቦዎች ጥቂቱ መሞቱ አይቀርም። የሞተ ሽቦ ምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ነጥቡ ከጎረቤቶቹ ቀለም ይሞላል፣ በቃ። ግን ሕግ አለው፣ ሕጉን ያወጣችውም ራሷ መርፌ ናት። ከመሙላትህ በፊት የምታነሣውን ነገር ትንሽ ገፋ አድርገህ ድገመው። ሽቦው ሞቶ ከሆነ ነጥቡ ካለበት አይነቃነቅም፤ የእውነት ነጥብ ከሆነ ከነገሩ ጋር ይሄዳል። ይህን የዘለለ ተማሪ የሚወርድበትን የስድብ ናዳ እሱው ያውቀዋል።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት መርፌ ስምንት ዓመቷ ነበር። ላውንደሪ ተቀጥራ፣ እንፋሎት ውስጥ ተቀቅላ፣ ያሳደገቻትም ያስተማረቻትም እትዬ ናት። ራሷ አላገባች፣ አልወለደች። ሐኪም ቤት ሲሏት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ባቷ ላይ ያለው ጥቁር ምልክት ዳር ዳሩን ሲሰፋ መርፌ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች።

«እሺ በቃ» አለች እትዬ በመጨረሻ። «ያ ማሽንሽ ይየኝ። ክፉ ነገር አለ ካለ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። የለም ካለ ግን ዳግመኛ እንዳትነዘንዢኝ። ቃል?»

«ቃል።»

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ወጣ ሲል፣ ይዛት ገባች። እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው። እትዬ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሳቋ መጣ። «ለዚህች ለምስር ፍሬ ነው ዕድሜሽን የፈጀሽው? እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎኝ!»

መርፌም ሳቀች፤ አነሣች። ከቀዩ ወዲያ ባለው ብርሃን፣ ምልክቱ ዳር ላይ፣ ጥቁር ነጥቦች መጡ። ምልክቱ የወደቀው ምስሉ ጥግ ላይ ነው፤ ያ ቺፕ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ የሞቱ ሽቦዎች አሉት፤ የሰበረቻቸው ራሷ ናት። ገፋ አድርጋ ልትደግም ስትል የአለቃዋ፣ የፕሮፌሰሩ፣ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ፣ ቋ አለ። ደነገጠች። ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ቁልፏን ተጫነ።

ምስሉ ጥርት አለ።

«ምንም የለብሽም እትዬ!»

«አላልኩሽም?» አለች እትዬ፣ ጫማዋን እያጠለቀች። በጓሮ በር ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ፕሮፌሰሩ ፋይሎቹን ሲያገላብጡ ያቺን ጥርት ያለች ምስል አገኟት። «ይቺ የማን ናት? እንዴት ታምራለች!»

«የራሴ እግር ነው፣ ለሙከራ ብዬ» አለች መርፌ። ምን ትበል?

ስምንት ወር አለፈ። እትዬ ብሽሽቷ ላይ እብጠት ወጣባት፣ ሳል ተከተለ። ሐኪሙ ባቷን አየና መርፌ ላይ አፈጠጠ። «ካንሰሩ ከዚህ ተነሥቶ ተሰራጭቷል። እስከዛሬ ምን ስትጠብቁ ነበር?»

እትዬ በዚያ ድካሟ ከአልጋው ቀና አለች። «እህቴን አይቆጧት ዶክተር! እሷማ በማሽን አይታኛለች። ያኔ አልነበረም፤ ኋላ ነው የመጣብኝ።»

መርፌ ጎንበስ ብላ የእትዬን ትራስ አስተካከለች።

በማግስቱ ያልተነካውን፣ ነጥቦቹ ሳይሞሉ የተቀመጠውን የመጀመሪያ ፋይል አወጣች። የቺፑን መዝገብ አጠገቡ ዘረጋች። በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ የሞቱ ሽቦዎች፣ አሥራ አንድ። ምስሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቆጠረች። አሥራ አራት። ደግማ ቆጠረች። አሥራ አራት። ወይ ነዶ! ሦስቱ ሽቦዎች ደህና ነበሩ፤ ያዩትን ነበር የተናገሩት። አፋቸውን የያዘቻቸው እሷ ናት።

እትዬ ሁለት ወር እንኳ አልቆየችም። ሊጠይቃት ለመጣው ሁሉ «እህቴ አይታኛለች» እንዳለች አረፈች። መርፌም እንዳፈነችው ቀረች፤ እውነቱን ለመናገር ቀን ነበራት፣ አልተናገረችም፣ አሁን የምትነግራት ሰው የለችም።

ያቺ ምስል ዛሬ ኮሪደሩ ላይ፣ ከመርፌ በር ፊት ለፊት፣ በሰው ቁመት ታትማ ተሰቅላለች። ከሥሯ «ጉዳት የሌለው የቆዳ ምልክት» ይላል። ፕሮፌሰሩ እንግዳ ባመጡ ቁጥር እዚያ ቆም ይላሉ።

«ይሄ የራሷ የመርፌ እግር ነው» ይላሉ እየሳቁ። «እዩት፣ አንድ እንከን የለውም! አይደል መርፌ?»

«አዎ ፕሮፌሰር» ትላለች፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል። «የኔ ነው።»