ጉዳዩ፦ ውጤት ስለመፈለግ

ማመልከቻ ጸሐፊዋ በየጠዋቱ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታንቋቋለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ «ጉዳዩ» ያልተባለበት ወረቀት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ለኢንተርኔትም የምትጽፈው እንደዚያው ነው።

ያን ቀን የምትጽፈው ለባሏ ነበር። የጭነት መኪና የሚነዳው ባሏ ለአውቶቡስ ሹፌርነት ተፈትኗል። ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል ተብሏል፤ ያለፈ ሰው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመዘገበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። መፈለጊያው ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ጉዳዩ፦ የባለቤቴን ውጤት ስለመጠየቅ። ባለቤቴ የፈተና ቁጥሩ 40718 ሲሆን፣ ውጤቱ እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

የመጣላት የማመልከቻ ናሙና ነው። አንዱን ከፍታ አነበበችና፣ «አጻጻፉ ደካማ ነው» አለች።

«ማኅተም ስለሌለበት ይሆናል ያልመለሱልሽ» አለ ባሏ፣ የደንበኛ በርጩማ ላይ እየተቁነጠነጠ።

ጎረቤቷ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቷ፣ ወረቀት ልትበደር ገብታ ጽሑፉን አየችና ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አለቃ አይደለም። ትሕትናሽ አይገባውም፤ ቃል ነው የሚለቅመው። ቁጥሩን ብቻ በትምህርተ ጥቅስ አጥሪው፤ እንዳለ ይፈልግልሻል። አጠገቡ ‹የአውቶቡስ ሹፌሮች› በይ፤ እሱንም አጥሪው።»

«ባዶውን? ሰላም እንኳን ሳልለው?»

«ባዶውን።»

እየቀፈፋት ጻፈች። አሁን ደግሞ የመንጃ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ገጹን ሞላው።

«የማትፈልጊው ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጊ፤ ይጠፋል።»

ጸሐፊዋ «ስልጠና»ን ቀነሰች። ማስታወቂያው ግማሽ በግማሽ ተጠራርጎ ሄደ። ዓይኗ በራ። ዕድሜ ልኳን ሰው ጨምሪልኝ እንጂ ቀንሺልኝ ብሏት አያውቅም። «ክፍያ»ን ቀነሰች፤ «ኪራይ»ን ቀነሰች፤ «ሽያጭ»ንም ቀነሰች።

«እኔን እንዳትቀንሺኝ ብቻ» አለ ባሏ።

«እሱ እንደ ጸባይህ ነው።»

በመጨረሻ አንድ ገጽ ብቻ ቀረ፤ ረጅም የስም ዝርዝር። ሦስቱም ግንባር ለግንባር እየተጋጩ በጣት ወረዱ። 40718፤ አልፏል።

ባልየው ሦስቴ አነበበው። ከዚያ ሁለቱንም ሴቶች ባንድ ላይ አቅፎ ዙሪያውን ሲያሽከረክራቸው በርጩማው ተገለበጠ፤ የቢሮዋ በር ቁልፍም ከጠረጴዛው ወደቀ። ሦስቱም ሳቃቸው እያነቃቸው ቆልፈው የሚሄዱበትን ቁልፍ ፍለጋ ወለሉን አሰሱ።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ባልና ሚስቱ መመዝገቢያው መስኮት ፊት ነበሩ፤ ከፊታቸው ስድስት ሰው ቆሟል። አሥራ አንድ ሳይሞላ ተመዘገበ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱን ይረከባል።