ለፋሲካ ነጭ የለበሰ ግድግዳ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አቅፋ ከሱቅ መጣች። ሳን ሆዜ ባለው ቤታችን ጓሮ ያረጀ የጡብ አጥር አለ፤ መጋጠሚያው ተቦርቡሮ ጉንዳን ሰፍሮበታል። ሳልነግራት ልትጠግነው ማሰቧ አስደሰተኝ። ከረጢቱ ላይ በአንድ ሰዓት ይደርቃል የሚል ተጽፏል ብላ አነበበችልኝ። የማልፈልገውም ለዚሁ ነው አልኳት። "ዳድ፣ ኢትስ ጀስት አ ዎል" አለችኝ፤ ያው አጥር እኮ ነው ማለቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው። ቁጭ በይ አልኩና የኦክላንዱን ግድግዳ ነገርኳት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ በዲቪ መጥቼ ብዙም ሳልቆይ፣ የድሮ የጡብ ሕንፃ የሚያድስ አንድ ተቋራጭ ዘንድ ተቀጠርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙያ አልነበረኝም። ከሲሚንቶ በፊት ጡብ ይያያዝበት ስለነበረው ኖራ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ እየደጋገምኩ አነብ ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት የሚያስተምረኝ አጣሁ ሲል ስሰማ የማዝንለት ትንሽ ብቻ ነው።

ጋሽ በርሄ የሚባሉ ኤርትራዊ አዛውንት ከባለቤታቸው ከእማማ ለተብርሃን ጋር እዚያው ኦክላንድ ዳቦ ቤት ነበራቸው። ገና ከመንገዱ ማዶ የሕምባሻቸው ሽታ ይቀበልሃል። ሕንፃው ግን ታሞ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው መጋጠሚያዎቹን በሲሚንቶ ሞልቷቸዋል። ሲሚንቶ ከአሮጌ ጡብ ይጠነክራል፤ ግድግዳው በሙቀትና በእርጥበት በተነፈሰ ቁጥር የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ጫናውን እሱ ይቀበልለታል። የከተማው ኢንስፔክተር ግድግዳው ካልተስተካከለ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል ብሎ ነበር። ጋሽ በርሄ በዚያ ዕድሜ ሌላ ቦታ ሄደው እንደማይጀምሩ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራውን የያዘው የእኔ ተቋራጭ ነበር። ግድግዳውን ከጣሪያው ጋር በብረት አሰርነው፤ ሲሚንቶውን ፈልፍለን አወጣን። ከዚያ አለቃዬ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ለእኔ ለብቻዬ ሰጠኝ። ኖራውን ሞልቼ የጨረስኩት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል፤ ስለዚህ ግድግዳውን በረጠበ ጆንያ ሸፍኜ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲያርከፈክፉ ለጋሽ በርሄ አደራ አልኩ።

እሑድ ጾም ልፈታ እነሱ ዘንድ ተጠርቼ ነበር። ነጭ ልብሴን ለብሼ የመንገዱ ጥግ ላይ ስደርስ ጆንያዎቹ የሉም። ታጥበው፣ ታጥፈው በር ሥር ተደርድረዋል። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ አርፏል፣ የባሕር ወሽመጡም ነፋስ ተነስቷል። ከመሬት ምስማር አንስቼ መጋጠሚያውን ብጭረው ነጭ ብናኝ እጄ ላይ ቀረ።

"እማማ፣ ጆንያውን ማን አነሳው?"

"እኔ ነኛ። በትንሣኤ ቀን ቤቴ ማቅ ለብሶ እንግዳ ይቀበል?"

ነገሩን አስረዳኋቸው፤ በቁጣም ነበር መሰለኝ። የታጠፈውን ጆንያ አየት አደረጉና፣ "የሚያስፈልገው ውሃው ነው ወይስ ጆንያው?" አሉኝ።

"ውሃው ነው።"

"ታዲያ ጆንያ ይሁን ያለህ ማነው?" ብለው ገቡ። ሲመለሱ ነጭ አንሶላ በሁለት ክንዳቸው ታቅፈዋል።

አንሶላውን ነክረን ሰቀልነው። እንግዶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ አንዱ ባልዲ፣ አንዷ የአበባ ውሃ መርጫ ይዘው ተሰለፉ። እኔ አታፍስሱ፣ እንደ ጤዛ አርከፍክፉ እያልኩ እጮሃለሁ። ጋሽ በርሄ መሰላል ላይ ሆነው፣ "እኛ ጾማችንን ፈታን፤ ይሄ ልጅ ግን ፊቱን አልፈታም" አሉ። እጄ ኖራ ስለነበር ዶሮ ወጡን በየመሃሉ እየመጡ ያጎረሱኝ እማማ ናቸው። ማዶ አበባ የምትሸጠው አሜሪካዊት መጥታ ግድግዳ ማጠብ የፋሲካችሁ ሥርዓት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ በርሄ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ዋናው እሱ ነው አሏት።

የግድግዳው ላይኛው ጥግ ግን አልዳነም፤ ፈልፍዬ እንደገና ሠራሁት። ከሳምንታት በኋላ ኢንስፔክተሩ መጋጠሚያውን በቁልፉ ጫረ፣ ጫረና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ግድግዳው አለፈ። ጋሽ በርሄ ወዲያው ምድጃቸውን ሊያዩ ገቡ፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። በቀጣዩ ፋሲካ አበባ ሻጯ የራሷን የውሃ መርጫ ይዛ መጥታ፣ አንሶላው የት አለ አለች።

ልጅ ሳሳድግ ያንን ግድግዳ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ጡብ የሚያያይዝ ነገር ከጡቡ መጠንከር የለበትም። እኔ በተፈጥሮዬ ወደ ሲሚንቶው አደላለሁ፤ ቢሆንም እታገላለሁ።

ሊያ ሲሚንቶውን መልሳ ኖራ ይዛ መጣች። ሁለታችንም ተንበርክከን ሞላነው። ጆንያ ስላልነበረን ወደ ቁም ሳጥኑ ላክኋት። አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ከሥራ ገብታ የጓሮውን በር ከፈተችና አንሶላዎቼን አጥር ላይ ምን ሰቀላቸው ብላ ቆመች። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጄ ውሃ መርጫዋን እንደያዘች መለሰችላት፤ በአማርኛ።

"በዓል ነው፣ እማ።"