ከአጥሩ ውጭ የቆመችው አስተማሪዬ

ጎረቤቴ ቤት ሊሠራ መሬት እያስቆፈረ ነው። ዛሬ ጠዋት ዝናብ ሲያርፍበት የቀዩ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። አይገርምህም? ይኸው ልጆች ወልጄ እንኳ ያ ሽታ ሲመጣ ያቺ አስተማሪዬ ትታወሰኛለች።

ዘጠነኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት፣ ቦንጋ ውስጥ በሰፈራችን አዳራሽ የሸክላ ሥራ ስልጠና ተከፈተ። አስተማሪዋ ከከተማው ዳር የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኛ ቤት የእሷን ድስት ከገበያ እንገዛለን፤ እሷን ግን ደጃፋችንን አናስረግጣትም። እናቴ ስለ ሸክላ ሠሪዎች "ዓይናቸው ይበላል" ትል ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተር ልማር ነው ብዬ ዋሸኋት።

በመጀመሪያው ቀን የድስቴን ጎን ሳቆም ተንዶ ወደቀ። አስተማሪዋ ከኋላዬ መጥታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። መዳፏ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር።

"ቀስ፣ አትጫኚው" አለችኝ።

እኔ የፈራሁት ጭቃውን አልነበረም። ስንወጣ ቧንቧው ሥር ቆሜ እጄን እስኪቀላ ፈተግኩት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ በልቤ "በላችኝ" አልኩ። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኑን እየዋጥኩ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ለእናቴ ስለ አስተማሪዋ እንዳልነግራት ውሸቴ ይወጣል፤ ዝም እንዳልል የምሞት መሰለኝ።

በሳምንቱ ጋቢ ተከናንቤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አስተማሪዋን ከአጥሩ ውጭ አየኋት። ቤታችንን ከተማሪዎቹ ጠይቃ ኖሯል። ዝናቡ ይወርድባታል፤ በሩን ግን አልነካችም።

"ምን ፈለግሽ?" አለቻት እናቴ።

"እትዬ፣ ልጅቱ ታማለች ሲሉኝ ነው። እንዴት ሆነች ብዬ።"

እናቴ ዞራ አየችኝ። "ታውቂያታለሽ?"

"አላውቃትም" አልኩ።

አስተማሪዋ አንዴ አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። "ቤት ተሳስቼ ነው፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብላ ሄደች። እናቴ ከኋላዋ አማተበች።

ሲሻለኝ ተመለስኩ። ለምሳ ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። የቀረሁት ይቅርታ ልላት ነበር፤ ግን አላልኳትም። አሁን በሕይወት የለችም፤ ሳልላት ነው ያረፈችው። የዚያን ቀን ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቋጠርኩትን ቆጮና ጎመን ፈታሁ።

"እትዬ፣ አብረን እንብላ።"

ከእሷ ጋር ከአንድ ዕቃ የበላ ሰው በሰፈራችን ሌላ ሰው አብሮት አይበላም ነበር። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

"ሰው ያይሻል" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ይየኝ" ለማለት ፈለግኩ፤ ግን እኔም ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። እሷ ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቶቹንም አንድ በአንድ ዘጋች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በጭላንጭሉ ብርሃን ቆጮውን ቆርሳ እኩሌታውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከእጇ ተቀብዬ ጎረስኩ።