ከክሬኑ በላይ የነበረው ኮከብ

ባለፈው ሐሙስ ቤኤር ቱቪያ ካለው ፋብሪካ ስንወጣ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። በምዕራብ፣ ከመጋዘኖቹ ጣሪያ በላይ፣ አንድ ብርቱካንማ ኮከብ ታየኝ። እግሬ ቆመ። ጓደኛዬ «ያላ፣ አውቶቡሱ ጥሎን ሊሄድ ነው» አለኝ። ሄድኩ፤ ግን ገዴራ እስክደርስ በመስኮቱ እሱኑ ነበር የማየው።

ወንድሜ ይርጋ ከሞተ ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ ብዙ ነገር አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ አንድ የጾም ምሽት ነው።

ያኔ እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ዐሥራ ዘጠኝ። የምንኖረው ቂርያት መላኪ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባታችን የጎንደር ሰው ነው። የዮም ኪፑር፣ የማስተሰረያው ቀን፣ ጾም የሚፈታበት ሰዓት በምኩራቡ በር ላይ ቢለጠፍም ለእሱ ወረቀት ወረቀት ነው። ሦስት ኮከብ ካልታየ በእኛ ቤት ውሃ አይቀመስም። የአባዬ ዐይን ስለደከመ ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። በዚህ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ፈራሁ። ይርጋ ስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ዓመት አልሞላውም። ያቭነ ያለችው ሐኪሙ እንዳይጾም ስትነግረው አብሬው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስንወጣ ፈላፈል ገዛልኝና የሰማሁትን እዚያው እንድተወው ነገረኝ። ለአባዬ ሐኪሟ ቤሰደር፣ ችግር የለም ብላለች አለው። በበሽታው የተነሳ ሠራዊቱ አልቀበልም ብሎት ነበር።

«ከጦሩ ቀረሁ፤ ከጾሙም ልቅር?» አለኝ።

የጾሙ ቀን ሞቃት ነበር። መኪና የለም፣ አውሮፕላን የለም፤ ልጆች መሐል ጎዳናው ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። እኔ ኪሴ ውስጥ ሁለት ከረሜላ ይዣለሁ። ቀኑን ሙሉ ስነካካቸው ወረቀታቸው በላቤ ተጣብቋል። ሁለት ጊዜ ሰጠሁት፤ ሁለት ጊዜ መለሰልኝ።

ሲመሽ ጣሪያው ላይ ወጣን። አባዬ ከታች በግቢው ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ኮከብ ከአናታችን በላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው በደቡብ። ከዚያ ምንም። ንፋስ እየነፈሰ እንኳ የይርጋ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ስንት ሞላ፣ ልጄ?» አለ አባዬ ከታች።

«ሁለት፣ አባዬ።»

«ያ ቀዩስ?» አለኝ ይርጋ ቀስ ብሎ።

በምዕራብ፣ ሕንፃ የሚሠራበት ክሬን ጫፍ ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ብርቱካንማ ነገር ነበር። የክሬኑ መብራት ነው አልኩት። ብሳሳት የግቢው ሰው ሁሉ በእኔ ቃል ጾሙን ይሽራል፤ ይህን ነበር የፈራሁት።

«መብራት እንዲህ አይንቀጠቀጥም» አለ። «እሱም እንደ እኔ ጾሙ ከብዶታል።»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ የውሃ ማሞቂያውን በርሜል ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ።

የከረሜላውን ወረቀት በጥርሴ ቀድጄ ከረሜላውን አፉ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ ወደ ግቢው «ሦስት» ብዬ ጮኽኩ። ይዋሽ አንደበቴ፣ እውነት ይናገር አላውቅም ነበር። «አባዬ፣ ይርጋ ወደቀ! ሐኪሟ እንዳይጾም ከልክላው ነበር» አልኩ ቀጥዬ።

አባዬ አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የይርጋን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጎረቤት ያቀበለችውን ስኳር በውሃ በማንኪያ አጠጣው። ዐይኑ ሲገለጥ «ብትነግሩኝ ኖሮ ጠዋት በእጄ አጎርስህ ነበር» አለው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ብቻዬን ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ክሬኑ ክንዱን ወደ ሌላ አዙሯል፤ ብርቱካንማው ግን እዚያው ነበር። ለካ ወንድሜ ሲወድቅ ሦስቱም ሞልተው ነበር። የሳይንስ መምህራችን ስሙ አርክቱረስ እንደሆነ ነገረችኝ። ያረጀ፣ ያበጠ ግዙፍ ኮከብ ነው፤ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል ይጓዛል አለች።

ይርጋ ሠላሳ አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ጾሞ አያውቅም፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ጠዋት ምግቡን የሚያቀርብለት አባዬ ነበር። ቢሆንም በሽታው ኩላሊቱን ጨረሰው። ያን ቀን ቀድሜ ብናገር ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር ማለት አይደለም፤ ሐኪሞቹም እንዲህ ብለውኛል። ኪሴ ግን አሁንም ከረሜላ አያጣም።

ትናንት አባዬ ደወለ። ጾሙ ደርሷል፣ ዘንድሮም ቆጣሪው አንተ ነህ አለኝ። ሌላ ሰው ይቁጠር ልለው ነበር። ተውኩት። ዘንድሮ መቁጠር የምጀምረው ከቀዩ ነው።