በጀሪካን የመጣ ባሕር

ፈየራ ሙለታ ምጽዋ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት የመርከብ ሆድ ሲፍቅ የኖረ ጠላቂ ነበር። የሸነን ገበሬ ልጅ ባሕር ውስጥ ገብቶ እንጀራ ይበላል ሲባል ዘመዶቹ እንደ ተረት ይሰሙት ነበር፤ እሱ ግን ከውሃው በታች ያለውን ዓለም ከየትኛውም ማሳ አብልጦ ወደደው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ወደቡ ድረስ ሲመጣ በአማፂያኑ ተማረከ። ከአምስት ወር በኋላ አምልጦ፣ እያነከሰ ወደ ወገኑ ሲመለስ እንኳን ደህና መጣህ ያለው ሰው አልነበረም። «አምስት ወር ሙሉ እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ መልስ እንደሰጠ ራሱም አያውቅም። በመጨረሻ አምቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ዕቃ ጠባቂ አድርገው መደቡትና ሁለት ነገር አስፈረሙት። በየሳምንቱ ዓርብ ቀበሌ ቀርቦ ይፈርማል። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማው ኬላ አያልፍም። እናቱ ጉዴ ያሉበት ሸነን እንኳ ከኬላው ወዲያ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት ኖረ። ሚስቱ ደብሪቱ አንድ መስኮት ባላት ቤታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወንድሟ ተድላ ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአሰብ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ነቀምት ሲያልፍ እነሱ ዘንድ ጎራ ይላል። አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነጭ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ የባሕር ድንጋይ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ባሕርህን አመጣሁልህ!»

ፈየራ ድንጋዩን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ይኼማ አጥንቱ ነው። ሥጋውን አላየኸውም። በሕይወት ሳለ አበባ ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይበላል።» ቀጥሎም «ተድላ፣ አንድ ነገር ብለምንህ ውሃውን ታመጣልኛለህ?» አለው።

«የምን ውሃ?»

«የባሕሩን። ከወደቡ ራቅ ብለህ፣ ዘይት ከሌለበት ቅዳልኝ። ከነሕይወቱ ድንጋይም ጨምርበት፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ።»

ተድላ ሊስቅ አፉን ከፈተና የሰውየውን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። የሳቀችው ደብሪቱ ናት። «አገሩ ሁሉ የአምቦን ውሃ ፍለጋ ይመጣል፤ አንተ ከአሰብ ውሃ ታስጭናለህ!»

ፈየራ የመስኮት መስታወት አስቆርጦ ሳጥን ሠራ። ሁለት ጊዜ አፈሰሰበት፤ በሦስተኛው ተድላ ከአዲስ አበባ ባመጣለት ማጣበቂያ ያዘለት። ስድስት ጀሪካን የባሕር ውሃ ገባበት፤ አሸዋና ድንጋዩም ተከተለ። ተድላ ያመጣለትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሦች የገደለው ራሱ ነው። ቸኩሎ በዚያው ቀን ከተታቸው፤ በሦስተኛው ቀን ውሃው ሸተተ፣ ዓሦቹ ተገልብጠው ተንሳፈፉ። የሚጠይቀው ሰውም ሆነ የሚያነበው መጽሐፍ አልነበረውም። ውሃውን በአዲስ ለወጠና ድንጋዮቹን ብቻቸውን ትቶ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር ሁለት ወር ጠበቀ። አንድ ጧት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ከአንዱ ድንጋይ ጎን ምስር የሚያካክሉ ቡናማ አበቦች ተከፍተው አገኛቸው። ደብሪቱን ከስፌቷ ጎትቶ አመጣት።

«ታዲያ ይኼ ምኑ ያስለቅሳል?» አለችው። ማልቀሱን ያወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ውሃውን እንደ ሕመምተኛ ያስታምመው ጀመር። ውሃው በፀሐይ ሲቀንስ ጨው አይጨምርበትም፤ ጨው አይተንምና የተጣራ ዝናብ ብቻ ይሞላበታል። ጨዋማነቱን የሚለካው ምስማር በከተተባት የብዕር ቀፎ ነው፤ ቀፎዋ መጀመሪያ በመጣው ውሃ ላይ እስከየት ድረስ እንደሰጠመች ምልክት አድርጎባታል። ተድላ ከመርከበኞች የገዛለት ትንሽ የአየር መንፊያ ቀንም ሌትም ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ በብስክሌት ፓምፕ ይነፋና አየሩን በሐኪም ቤት የግሉኮስ ቱቦ ቀስ በቀስ ይለቅቅለታል። ይኼ በየሦስት ሰዓቱ መነፋት አለበት።

በሰባ ስድስት መጨረሻ ተድላ ሦስት ነጭ ነጥብ ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ዓሣ አመጣለት። ይኼኛው ኖረ። መጀመሪያ ሰሞን እየበረረ መስታወቱን ይገጨው ነበር። እየዋለ ሲያድር መስታወቱ የት እንዳለ ለየ፤ ጣት ያህል ሲቀረው በራሱ ጊዜ ይዞራል። ተድላ «ለመደ!» ብሎ ደስ አለው። ፈየራ ግን ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ወደ ሥራው ሄደ።

ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሊቀመንበሩ ጓድ አሻግሬ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ።

«ጓድ ፈየራ፣ ቤትህ ውስጥ የሚያጉረመርም መሣሪያ አለ ተብሏል። ሽቦው የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ውሃው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ አፈጠጠበት። ሰውየው ሳያስበው ቆቡን አወለቀ። ጥበቃዎቹን ውጭ እንዲቆዩ አዝዞ ብዙ ከተመለከተ በኋላ፣ ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆነ።

«ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ሊደርስ ነው። አዳራሽ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ‹የቀይ ባሕራችን ሀብት› ብለን እንጽፍበታለን።»

«ከተነሣ ይሞታል።»

«ቢሞት ሌላ ይመጣል።»

ፈየራ እምቢ ቢል የሚከተለውን ያውቃል፤ እሺ ቢል ደግሞ የዓሣው ነገር አበቃ። «ሰዉ እዚህ መጥቶ ቢያየውስ?» አለ ቀስ ብሎ። አሻግሬ አሰበበትና ተስማማ። በማግስቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ባሕሩ በቀበሌው ኤግዚቢሽንነት ተመዝግቧል፤ ጓድ ፈየራ ለደህንነቱ ኃላፊ ነው፤ ጎብኚ በሚመጣበት ሰዓት ሁሉ ከቤት አይጠፋም። ተማሪው፣ ካድሬው፣ የወረዳ እንግዳው ተሰልፎ ገባ ወጣ። ደብሪቱ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንሥታ ጓዳ አስገብታ በኩራዝ መስፋት ጀመረች። ፈየራ ቀድሞ ኬላው ብቻ ነበር የሚያግደው፤ አሁን ከሥራ ሰዓት ውጭ ገበያ ለመውጣትም ማስፈቀድ ነበረበት።

ኅዳር ላይ ከሸነን የመጣ ነጋዴ መልእክት አደረሰ። «እናትህ ጉዴ ተኝተዋል። ስምህን ነው የሚጠሩት።»

ፈየራ ቀበሌ ሄዶ ሲጠይቅ አሻግሬ የሦስት ቀን ይለፍ ከመሳቢያው አውጥቶ እጁ ላይ ያዘው። «ባሕሩንስ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ» አለች ደብሪቱ ከበሩ ላይ። ገብታ ሦስት ቀን በኃላፊነት ለመጠበቅ ፈረመች፤ ወረቀቱን አላነበበችውም።

ፈየራ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ ሄደ። እናቱ ዓይናቸውን ገልጠው «ዱፍቴ?» አሉት፤ መጣህ ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ቀን መሸ። አልሞቱም፤ አልዳኑምም። በወረቀቱ መሠረት ጎሕ ሲቀድ መነሣት ነበረበት። ልብሱን ለብሶ በራፉ ላይ ቆመ፤ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ አየ። ጫማውን አውልቆ ተመለሰና ያዛቸው። በአምስተኛው ቀን ቀበራቸው።

ኬላው ላይ ጊዜው ያለፈበትን ይለፍ ተቀብለው ቀጥታ ወደ ቀበሌ እስር ቤት ወሰዱት። ዐሥራ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ስንቁን የምታመጣው ደብሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ «ዓሣውስ?» ሲላት «ብላ» ብቻ ትለው ነበር።

ተፈትቶ ቤቱ ሲገባ ሳጥኑ ባዶ ነው። ውሃ የለም፣ ድንጋይ የለም፤ መስታወቱ ላይ የጨው መስመር ብቻ ቀርቷል።

«ሞተ?»

«ለቀበሌው ሞተ ብያቸዋለሁ፤ እንዲህ ብዬም ፈርሜአለሁ፤ በዓሉ አልፏልና አልያዙኝም።» ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «አንተ በታሰርክ በሦስተኛው ቀን ተድላ ባዶውን ወደ አሰብ ሲመለስ ከነድንጋዩ በጀሪካን ጭኜ ሰደድኩት።»

«ማን ስጪ አለሽ? የእኔ ነበር እኮ!»

«መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ፣ ፈየራ። እየተነሣሁ ያንን ጎማ ስነፋ አነጋሁ። ‹ይኼ ዓሣ ከሞተ እኔን ያስሩኛል› እያልኩ ነው የነፋሁት። አንተ እናትህን ስትቀብር ለአንድ ዓሣ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።»

ፈየራ ጀርባውን ሰጥቷት ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከ«እንደምን አደርሽ» በቀር አልተነጋገሩም።

ተድላ ተመልሶ ሲያልፍ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጠየቀው። «በሕይወት ደረሰ?»

«ደረሰ፣ ጋሼ። በየኬላው ክዳኑን እየከፈትኩ አየር እሰጠው ነበር። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጀሪካኑን ቀስ ብዬ አጋደምኩለት።»

«ከዚያስ?»

«ወጣ። ጠለቀና ከዓይኔ ተሰወረ።»

ፈየራ ሦስት ጊዜ አስነገረው። የውሃው ጥራት እንዴት እንደነበር፣ ማዕበል እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ተድላ ምን ያህል ቆሞ እንደተመለከተ ሁሉ ጠየቀ። ተድላ ሁሉንም ያለማመንታት መለሰ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናው፣ ፈየራ እስከ ዛሬ አላወቀም፤ አራተኛ ጊዜ ሊጠይቅም አልደፈረም።

ሲጨርሱ ሁለቱ ሰዎች ባዶውን ሳጥን አንሥተው ጓሮ አወጡት። ከዚያ ፈየራ ጓዳ ገብቶ የደብሪቱን የስፌት መኪና በአንድ ወገን ያዘ። እሷም በሌላው ወገን ያዘች። መስኮቱ ሥር አደረሱት። ደብሪቱ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እሱ ወደ ሥራው ሲሄድ ፔዳሉን መርገጥ ጀምራ ነበር።