የጋሼ ታደለ ኮርቻ

ጓሮዬ ባለው የበግ በረት ውስጥ አንድ የቆየ የፈረስ ኮርቻ አለ። ፈረስ በሚከበርበት በእንጅባራ ኮርቻ በረት ውስጥ የሚጥል ሰው ቢታይ አብዷል ይባላል። እኔ አላበድኩም። ቂመኛ ነኝ።

ልጅ እያለሁ፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ አጎቴ ጋሼ ታደለ ጣና ዳር ቁንዝላ ወዳሉ ዘመዶቻችን ሠርግ ይዘውኝ ሄዱ። የሙሽራው እናት ከበጎቻቸው መካከል አንዲት ግልገል መርጠው ሰጡኝ። ነጭ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ስለነበራት ዛጎል አልኳት። ስድስት ልጆች ባሉበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የኔ ብቻ ነው የምለው ነገር ያገኘሁት ያኔ ነበር። ጋሼም እዚያው ከጎንደር የመጣ፣ ነሐስ የተለበጠ ኮርቻ ገዙ።

ለመመለስ በእግር መሄዱን ናቁት። «ስንቱን ፈረስ የገራሁ ሰውዬ ታንኳ ያቅተኛል?» አሉ። ዘመዳችን የደንገል ታንኳቸውን አዋሱንና፣ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ደቡብ እስከ ባሕር ዳር እንድንወርድ ነገሩን። አደራ ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማታ ማታ ከውሃ አውጥታችሁ ደረቅ ላይ አቁሙት። ደንገል ውሃ ይጠጣል።»

የመጀመሪያው ቀን እንዴት ደስ ይል ነበር! ነፋሱ ከኋላችን ሲነሣ ጋሼ ጋቢያቸውን በሁለት እንጨት ወጥረው ሸራ አደረጉት። ታንኳው ሄደ! የእርጥብ ደንገል ሽታ፣ የገብስ ቆሎ፣ ከዳር ሆነው እየጮሁ የሚከተሉን ልጆች፣ ጭኔ ላይ የተኛችው ዛጎል። ጋሼ ታንኳውን ልክ እንደ ፈረሳቸው በአዊኛ ያባብሉት ነበር። ያን ቀን ከሳቸው የሚበልጥ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሲመሽ አንድ መንደር ዳር ቆምን። ጋሼ ታንኳውን እውሃው ላይ እንዳለ በፈረስ አስተሳሰር ከዛፍ ጋር አሰሩት።

«ጋሼ፣ አውጡት ብለውን ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ሲደክም የዋለ ነው፣ ይጠጣ እንጂ! ዝም ብለሽ ተኚ።»

ጠጣ። ጠዋት ስንነሣ ግማሹ ከውሃ በታች ነበር። ዓሣ የሚያጠምድ የመንደሩ ሰው አይቶን፣ «ሸክም ካልቀነሳችሁ ትሰምጣላችሁ» አለ። ጋሼ ኮርቻውን አዩ፤ ከዚያ ዛጎልን አዩ። ከእጄ ነጥቀው ለሰውዬው ሰጧት። ስንቀዝፍ ከሰውዬው እጅ አምልጣ ዳር ዳሩን እየሮጠች፣ እየጮኸች ተከተለችን፤ ሸንበቆው እስኪጋርዳት ድረስ። ጋሼ አንዴም ዞር አላሉም። እቤት ስንደርስ ደግሞ ለእናቴ፣ «ውሃ ውስጥ ገብታ ቀረች» አሏት። ኮርቻው በየበዓሉ ፈረሳቸው ላይ ሲያበራ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብላቸው፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ አይ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ ቁንዝላ በመኪና ይደረሳል። ልጆቼ ጣናን የሚያውቁት በስልክ ፎቶ ነው፤ ታንኳ ማታ እንደሚደርቅ ብነግራቸው ይስቁብኛል። ጋሼም አርጅተው ከግምጃ ቤት ከተማ ወደ እንጅባራ መጥተው ልጃቸው ጋ ገቡ። ቤቱ ስለጠበባቸው ኮርቻውን ለኔ አምጥተው፣ «አደራ» አሉኝ። አደራ! በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ ነጠብጣብ ያላት በግ ገዛሁ። ኮርቻውን አነጠፍኩላት። እሷም ወደደችው።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ከባጃጅ ወርደው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። «እስቲ ኮርቻዬን ልየው» ሲሉኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ወደ በረቱ ወሰድኳቸው። በጓ ነሐሱ ላይ ተጋድማ ታመሰኳለች። ጋሼ የበረቱን አግዳሚ ይዘው ቆሙ። እስኪጮሁብኝ ጠበቅኩ። የምመልሰውን ከልጅነቴ ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ።

«ያቺኛዋ... ዛጎል ነበር ያልሻት፣ አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እስከ ሸንበቆው ድረስ ስትጮህ ነበር። ዞር ብል ኖሮ ተመልሼ እወስዳት ነበር።»

ያንን ጩኸት ይዤ የኖርኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

በጓን ግን ከኮርቻው ላይ አላስነሣኋትም።