ዱላውን ያልጣልኩበት ጨዋታ

ዛሬ ጠዋት ለጉልበቴ ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ነበረኝና፣ ሮደልሃይም ከባቡር ወርጄ በፓርኩ በኩል ሳዘግም ከዛፎቹ ጀርባ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የብረት ዱላ ኳስ ሲመታ ነው። ነፋሱም የረጠበ ቆዳና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ይዞ መጣ። አልታጠፍም ብሎ ሐኪም ያስቸገረው ጉልበቴ በድንጋጤ እጥፍ አለና አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ተማሪዎች ሶፍትቦል ይለማመዳሉ። ይኸውልህ፣ እኔም በእነሱ ዕድሜ እዚሁ ፍራንክፈርት አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው አስደንግጬ አውቃለሁ። ከሁሉ የባሰ የደነገጥኩት ግን እኔው ነኝ።

ለትምህርት የመጣሁ ሰሞን ነው። አንድም ሰው በስሜ ሳይጠራኝ ሳምንቱ ያልቅ ነበር፤ ሳክሰንሃውሰን ሰሃን የማጥብበት ወጥ ቤት እንኳ ስሜ «አንተ» ነው። ዩኒቨርሲቲው ወንድና ሴት ተማሪ የተቀላቀለበት የሶፍትቦል ቡድን ነበረው። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት በላት፤ ኳሷ ደልደል ያለች። በዱላ ትመታትና ሦስት ማረፊያዎችን እየረገጥክ ዞረህ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ። እኔም ለአሰልጣኙ በአገሬ የገና ጨዋታ ጀግና ነበርኩ ብዬ ተኮፈስኩበት። ጀግና! እሩሩ ሲጠፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ እንድፈልግ የምላክ ነበርኩ እኮ።

የመኸሩ ጨዋታዎች የወዳጅነት ናቸው፤ ብትሸነፍም አይቆጠርብህም። ነገር ግን አሰልጣኙ የብርዱን ወራት አዳራሽ ውስጥ አብረውት የሚዘጋጁትን የሚመርጠው በእነሱ ነው። ያልተመረጠ በደህና ግባ ይባላል። እኔ ደግሞ በስሜ ተጠርቼ «አቤት» የምልበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ያን ሰሞን ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ልምምዳችን ሁሉ ቤት ውስጥ ነበር። ዱላ ስንይዝ ቆመን መረብ ላይ እንመታለን፤ ስንሮጥ ባዶ እጃችንን እንሮጣለን። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌያቸው አላውቅም።

ከአጎራባች ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር የገጠምን ቀን ሰማዩ ጠራ። ተራዬ ደረሰና መታሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳይሆን አይቀርም፤ ኳሷ ከሜዳው ማዶ እሾህ ውስጥ ገባች። ሮጥኩ። ዱላዬንም ይዤ ሮጥኩ። እኛ ዘንድ ዱላውን የጣለ መሳቂያ ነው፤ ማን ይጥላል? ጭራሽ ከራሴ በላይ አንስቼ እያሽከረከርኩ፣ እንደ ልማዳችን ተጋጣሚዎቼን በአማርኛ እሞልጫቸው ጀመርኩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ የለ።

የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ የቆመው ግንድ የሚያህል ጎረምሳ ዓይኑ ፈጠጠና ጓንቱን ጥሎ እብስ አለ። ጉልበቴን ፈርቶ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ሸሸ። ይሄኔ ሜዳው ጸጥ ማለቱ ታወቀኝ። የገዛ ቡድኔ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከዳር አንዲት እናት ልጇን ጉያዋ ውስጥ ስትሸሽግ አየሁና ነገሩ ገባኝ፤ እኔ የምጫወተው ገና ነው፣ እነሱ የሚያዩት ግን ዱላ ይዞ እየጮኸ የሚመጣባቸው ጥቁር ነው። ክው አልኩ። እግሬ ግን አልቆም አለኝ።

ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የቆመችው የተጋጣሚያችን ተጫዋች ቀጭን ልጅ ናት። አልሸሸችም። እጇን ዘረጋችና ቀስ ብላ «ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። ስትቀበለኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ታሪክ በየሰርጉ አውርቼ ሰው በሳቅ ሳፈርስ እጇን ዘልዬው አልፋለሁ።

የቡድናችን አለቃ፣ አንዲት ቁጡ የሕግ ተማሪ፣ ከዛሬ ወዲያ ከዚህ ልጅ ጋር አልሰለፍም አለች። አሰልጣኙ ፊቱ ቀልቶ ያየኛል። የማውቀው ጀርመንኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ቀጭኗ ልጅ ዱላውን እንዳቀፈች፣

«ሲሮጥ እኮ ይስቅ ነበር» አለች። «ዱላው እንደሚጣል ነግራችሁታል?»

አሰልጣኙ አለቃችንን አየ፤ አለቃችንም መሬት መሬት አየች። ማናቸውም አልነገሩኝም ነበር። ከዚያ በስሜ ጠራኝና፣ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ አዳራሽ እንድገኝ፣ ዱላ መጣል ራሱ እንደሚያስተምረኝ ነገረኝ። አቤት ማለቱንም ረሳሁት።

የብርዱን ወራት ሙሉ እየመታሁ ስጥል ከረምኩ። ከፍርሃቴ የተነሳ በቀስታ ስለማስቀምጠው ልጆቹ «ሕፃኑ ተኛልህ?» ይሉኛል። አለቃችን ሳትቀር ሳቀችብኝ።

ጸደይ ሲመጣ ያ ቡድን ተመልሶ መጣ። እኔም ለቀጭኗ ልጅ የምነግራትን ምስጋና በጀርመንኛ ሸምድጃለሁ። ተራዬ ሲደርስ መታሁ፤ ዱላዬን ጣልኩ፤ ሦስተኛው ማረፊያ ድረስ ሮጥኩ። የቆመው አንድ ረጅም ወጣት ነው። ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቅኩት። ትምህርቷን ልትቀጥል ሌላ አገር ሄዳለች አለኝ።

ስሟን ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀጣዩ የቡድናችን ተጫዋች ኳሷን መታት። አሰልጣኙ ሩጥ እያለ ይጮኻል።

ሮጥኩ።